ለቢሮ ኤአይ ልክፈል ወይስ ነፃው ይበቃኛል? ሁለት ወር ሞክሬ ያየሁት

የምሠራው ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ወደ ገላን ስትሄዱ መንገድ ዳር ያለ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ነው። ስቀጠር ሂሳብ ሠራተኛ ተባልኩ እንጂ ደብዳቤ ጸሐፊዋም ሰው ኃይሏም ጨረታ ሲወጣ ሰነድ አዘጋጇም እኔው ነኝ። ደሞዝ ተከፋይ 23 ሰው ነን፣ ኮምፒውተር ግን ሁለት ብቻ፣ አንዱ የኔ ላፕቶፕ አንዱ ስቶር ውስጥ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ። መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩ የሚነሳው ለማሽኑ ነው፣ ለኔ ብሎ የሚያስነሳ የለም፣ ስለዚህ የላፕቶፑ ባትሪ ሲያልቅ ሥራዬም እዛው ያልቃል።

መስከረም መጨረሻ ላይ ጋሼ (የድርጅቱ ባለቤት ናቸው) ከለቅሶ ቤት ተመልሰው "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ኤአይ የሚሉት ነገር ኤክሴሉ ውስጥ ገብቷል አሉ፣ የከፈለበት ሰው የቀን ሥራውን በደቂቃ ነው አሉ ሚጨርሰው፣ እንግዛው እንዴ?" አሉኝ። ጋሼ ዘንድ ለቅሶ ቤት የተሰማ ነገር ከዜና ይበልጣል። እኔ ነፃውን ስልኬ ላይ ለደብዳቤ ምናምን እጠቀም ነበር፣ የሚከፈልበትን ግን ነክቼው አላውቅም። ሁለት ወር ስጡኝ አልኳቸው፣ ጥቅምትን በነፃው ብቻ ልሥራ፣ ኅዳርን እየከፈልን፣ ከዛ እነግርዎታለሁ አልኩ። እዚህ የምጽፈው ያንን ነው። የቱ ኩባንያ ምኑን እንዳበላሸብኝ ስም አልጠራም፣ በየወሩ ስለሚቀያየሩ ዛሬ የተሳሳተው ነገ ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል፣ ነፃው እና የሚከፈልበት እያልኩ ነው የምሄደው።

መጀመሪያ ዋጋው። ይሄን ሳውቅ ነው ነገሩ የገባኝ። ማይክሮሶፍት ኮፓይለት የሚባለውን ኤክሴልና ዎርድ ውስጥ የሚገባውን ኤአይ ለድርጅቶች ያወጣው በፈረንጅ ኅዳር 2023 ነው፣ በሰው በወር 30 ዶላር፣ ያውም መጀመሪያ ላይ ቢያንስ 300 ሰው ካልገዛችሁ አይሸጥላችሁም ነበር፣ ያንን ገደብ ጥር 2024 ላይ አነሱት። ከዛ ጥር 2025 ላይ ለግለሰብ በሚሸጠው ፓኬጅ ውስጥ አስገቡትና ዋጋው አሜሪካ ውስጥ በ3 ዶላር ጨምሮ በወር 9.99 ገባ፣ ግን ሲጀምር በወር 60 ክሬዲት ብቻ ነበር፣ አንድ ጥያቄ በጠየቃችሁ ቁጥር ከዛ ላይ ይቀነሳል። ጉግልም በዛው ወር ጀሚናይ የሚባለውን የራሱን ኤአይ ለቢሮ በሚሸጠው ዎርክስፔስ ውስጥ ጨምሮ ስታንዳርድ የሚባለውን ከ12 ወደ 14 ዶላር አሳደገው። የሚከፈልበት ቻትጂፒቲ (ፕላስ የሚሉት) ደሞ ከየካቲት 2023 ጀምሮ 20 ዶላር ነው።

20 ዶላር ለነሱ የሁለት ቀን ምሳ ነው መሰለኝ። ለኛ ሐምሌ 2016 ብር ገበያ ላይ ከመለቀቁ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ስንመታው 1,140 ብር ነበር፣ አሁን ዶላሩ ከ150 በላይ ስለሆነ ከ3,000 ብር አልፏል፣ ሶፍትዌሩ ግን ያው ነው። ክፍያውም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፣ የኔ የባንክ ካርድ ውጭ ሀገር አይሠራም፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ ነች በካርዷ የከፈለችልኝ፣ እኔ ብሩን ለእናታችን ሰጠሁ። እህት የሌለው ሰው ምን እንደሚያደርግ እንጃ፣ በቴሌግራም አካውንት እንሸጣለን ከሚሉት ግን አትግዙ፣ ፓስወርዱ እነሱም ጋ አለ ማለት የናንተ ፋይል እነሱም ጋ አለ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደሞ፣ ከማይክሮሶፍት ፋሚሊ የሚባለውን ገዝተን ለ6 እንካፈላለን የምትሉ ካላችሁ (እኔም አስቤው ነበር) ዎርድና ኤክሴሉን ትካፈላላችሁ፣ ኤአዩ ግን ለገዛው አካውንት ብቻ ነው የተሰጠው። ክራክ የተደረገ ኦፊስ ላይም አይመጣም። እዚህ ጋ አልዋሽም፣ ስቶር ያለው ዴስክቶፕ ላይ ያለው ኦፊስ 2010 ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ፈተና ደሞዝ ነበር ምክንያቱም መልሱን አስቀድሜ የማውቀው እሱን ነው። ነፃውን "ኢትዮጵያ ውስጥ 9,000 ብር ደሞዝ ያለው ሰው የሥራ ግብሩ ስንት ነው" አልኩት። 1,745 ብር አለኝ፣ ያውም ደረጃ በደረጃ አስረድቶ፣ ሲያስረዳ ደሞ እንዴት ያምራል መሰላችሁ። ችግሩ እሱ የቆጠረው በድሮው ሰንጠረዥ ነው፣ በአዋጅ 979/2008 የነበረው፣ ከ600 ብር በላይ ግብር የሚጀምረው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በማሻሻያው አዋጅ 1395/2017 እስከ 2,000 ብር ከግብር ነፃ ሆኗል፣ ከዛ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 20፣ እስከ 10,000 25፣ እስከ 14,000 30፣ ከዛ በላይ 35። በዚህ ሲሰላ የ9,000 ብሩ ሰውዬ ግብር 1,400 ነው። 345 ብር ልዩነት አለው! ጡረታው 7 በመቶ 630 ሲቀነስ 6,970 ብር እጁ ላይ መድረስ ያለበት ሰው 6,625 ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር ማለት ነው። ከብሎኬት ማሽን ላይ ወርዶ ስሊፑን ይዞ ቢሮዬ ሲመጣ እኔ ነኝ የምመልስለት፣ ኤአዩ አይደለም።

ኅዳር ላይ የሚከፈልበትን ተመሳሳይ ጥያቄ ጠየቅኩት፣ 1,745። ስቄ ዝም አልኩ። ለካ ከፈላችሁም አልከፈላችሁም እውቀቱ ያው ነው፣ የከፈላችሁት ለቦታው ነው፣ ማለቴ ፋይሉ ውስጥ ገብቶ እንዲሠራ።

ከዛ ዘዴ ቀየርኩ። አዲሱን ሰንጠረዥ ራሴ ጽፌ ሰጠሁትና ቁጥር አትስጠኝ ፎርሙላ ጻፍልኝ አልኩት። ሁለቱም ጻፉ፣ ሁለቱም ትክክል። እኔ የድሮውን ኢፍ በኢፍ ላይ የተደራረበ ፎርሙላ ነበር የምጠቀመው፣ ነፃው ግን በጣም አጭር ነገር አሳየኝ፣ ማክስ የምትለዋን ፈንክሽን ብቻ ተጠቅሞ፣ ደሞዙ ሲባዛ 0.15 ሲቀነስ 300፣ ሲባዛ 0.20 ሲቀነስ 500፣ ሲባዛ 0.25 ሲቀነስ 850፣ ሲባዛ 0.30 ሲቀነስ 1,350፣ ሲባዛ 0.35 ሲቀነስ 2,050፣ ከነዚህና ከዜሮ ትልቁን ውሰድ። አለቀ። ለ9,000 ሞክሩት፣ 2,250 ሲቀነስ 850፣ 1,400 ይመጣል። ይቺን ብቻ ለማግኘት እንኳን መሞከሬ አልቆጨኝም፣ እሷን ያገኘኋት ግን በነፃ ነው።

የሚከፈልበት እዚህ ጋ አንድ ጉድ ሠራኝ። ፎርሙላውን ኮፒ ማድረግ ሳያስፈልገኝ ራሱ ኮለሙ ላይ ሞላልኝ፣ ደስ አለኝ፣ አልነካሁትም። በሳምንቱ ለሁለት ሠራተኞች ጭማሪ ስለተፈቀደ ደሞዛቸውን ቀየርኩ፣ ግብሩ ንቅንቅ አላለም። ሴሉን ስጫነው ለካ ከሰንጠረዡ ግማሹ ላይ ፎርሙላ አስገብቶ ግማሹ ላይ ደረቅ ቁጥር ነው የጻፈው። ኮንትሮል ተጭናችሁ ከ1 ቁጥር ጎን ያለችውን ምልክት ስትነኩ ኤክሴል ፎርሙላዎቹን ገልጦ ያሳያችኋል፣ ከሱ በኋላ ኤአይ የነካውን ሺት ሁሉ መጀመሪያ እንደዛ ነው የማየው። ማይክሮሶፍት ራሱ በፈረንጅ ነሐሴ 2025 ኮፓይለትን እንደ ፈንክሽን ሴል ውስጥ ሲያስገባ ለቁጥር ስሌትና ትክክለኛነት ለሚፈልግ ሥራ አትጠቀሙበት ብሎ ጽፏል። ሠሪው እንዲህ ካለ እኔ ማን ነኝ።

ሁለተኛው የደንበኞች ስም ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የኛን ቋንቋ ጣጣ የሚያውቀው የኛ ሰው ነው። የዱቤ መዝገባችን 340 መስመር ገደማ አለው፣ ከኔ በፊት ሦስት ሰው ጽፎበታል፣ አንዱ ፀሐይ ይላል አንዱ ጸሀይ አንዱ ፀሀይ፣ ኃይሌ፣ ሃይሌ፣ ሀይሌ፣ ኮንስትራክሽን፣ ኮንስትራክሺን፣ ኮንስ.። ለኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኤክሴል ግን ሦስት የተለያየ ሰው ነው፣ ቪሉካፑ (በስም ፈልጎ የሚያመጣው ፎርሙላ) አያገኘውም፣ ዕዳው ሦስት ቦታ ተበታትኖ ይቀመጣል። ይሄን በእጄ ሳጠራ ከዚህ በፊት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ነፃው ላይ ስሞቹን ብቻ (ብሩንና ስልኩን አውጥቼ) እየቆራረጥኩ ፔስት አደረኩ። ጥሩ ለያቸው፣ ግን አራተኛው ቁራጭ ላይ ገደብህ አልቋል ከሰዓታት በኋላ ተመለስ አለኝ። በኋላ እንደገባኝ የግዕዝ ፊደል ለነዚህ ነገሮች ከእንግሊዝኛ ፊደል ይልቅ ብዙ ቦታ ይበላል፣ አንዷ ሆሄ በኮምፒውተር ሦስት ባይት ነች፣ የእንግሊዝኛዋ አንድ፣ ስለዚህ በአማርኛ ስትጽፉ የነፃው ኮታ ቶሎ ያልቃል። የሚከፈልበት ግን ፋይሉ ውስጥ ስለሆነ ጎን ላይ አዲስ ኮለም ከፍቶ "ይሄ ከዚህ ጋር አንድ ሳይሆን አይቀርም" እያለ ሞላልኝ። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እዚህ ጋ ብሩን አስመልሷል ብዬ ልመን ስል "ወ/ጊዮርጊስ"ን ያገኘው ቦታ ሁሉ ወይዘሮ ብሎ ነው ያነበበው፣ ወልደ መሆኑን አያውቅም፣ እና ለወልደ ጊዮርጊሱ ሰውዬ የዕዳ ማስታወሻ ደብዳቤ አርቅቅ ስለው "ለወይዘሮ ጊዮርጊስ" ብሎ ጀመረ። ሰውየው ከኛ አካባቢ በር የሚያክል ትከሻ ያለው ኮንትራክተር ነው። ቢላክ ኖሮ ዕዳውንም አንቀበልም ነበር። "ገ/" ያላቸውንም ሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ አድርጎብኛል፣ ስለዚህ አህጽሮት ያለበትን ስም ቀድማችሁ ዘርዝራችሁ ጻፉት።

ደብዳቤ ላይ ብዙ አልልም። ዝም ብላችሁ ደብዳቤ ጻፍ ካላችሁት ሁለቱም "ይህ ደብዳቤ በመልካም ሁኔታ እንደሚያገኝዎት ተስፋ አደርጋለሁ" ብለው ይጀምራሉ፣ ወረዳ ጽ/ቤት እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ቢደርሰው ከየት ሀገር መጣ ነው የሚለው። መፍትሄው የድሮ ደብዳቤያችሁን ናሙና መስጠት ነው፣ ጉዳዩ ያለበት፣ ግልባጭ ያለበት፣ ከሠላምታ ጋር የሚለው። ናሙና ካየ በኋላ ነፃው ጎበዝ ነው፣ ለዚህ ብሎ መክፈል ብክነት ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ፣ የድሮ ደብዳቤዎቻችን የተጻፉት ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ግዕዝ ፎንት ነው፣ ዎርድ ላይ አማርኛ ሆኖ ይታያል፣ ኮፒ አድርጋችሁ ለኤአዩ ስትሰጡት ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው የሚደርሰው። እኔ አንድ ቀን ሙሉ ኤአዩ አማርኛ አይችልም እያልኩ ስሳደብ ነበር፣ ጥፋቱ የፎንቱ ነበር። ፕሪንት አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ብትሰጡት ይሻላል።

ቀን መቀየርም እንደዛው። ጥቅምት 1 ቀን 2016 በፈረንጅ ስንት ነው ስለው ጥቅምት 11 አለኝ፣ ትክክሉ 12 ነው፣ ምክንያቱም 2015 ጳጉሜ 6 ስለነበረች እንቁጣጣሽ የዋለው በፈረንጁ መስከረም 12 ነው። በአንድ ቀን የሚያልፍ የባንክ ዋስትና ያለው ሰው ይሄ ይገባዋል። ቀን ሁልጊዜ በራሳችሁ ካላንደር አረጋግጡ፣ በነፃውም በሚከፈልበትም።

አሁን የሚከፈልበት በደንብ ያሸነፈበትን ልንገራችሁ። ጨረታ። ኅዳር አጋማሽ ላይ 64 ገጽ የእንግሊዝኛ ሰነድ መጣ፣ ማስገቢያው ስድስት ቀን ቀርቶታል። ነፃው ሰነዱን ተቀበለኝ ግን ጥያቄ ሳበዛበት ኮታው አለቀ፣ ቀጥሎ ባለው ቀን ስመለስ ደሞ እንደገና ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። የሚከፈልበት የሚያስፈልጉንን ሰነዶች ከነገጻቸው አወጣልኝ፣ የቴክኒክ ሠንጠረዡን ዎርድ ላይ አዘጋጀልኝ፣ ድሮ ሦስት ቀን የማመሽበትን አንድ ከሰዓት ላይ ጨረስኩ። የፈራሁት ግን አልቀረም። የጨረታ ማስከበሪያው 90 ቀን የፀና መሆን አለበት አለኝ፣ እኔ ልማዴ ስለሆነ የጠቀሰውን ገጽ ከፍቼ ሳነብ 90 ቀኑ የመወዳደሪያ ሃሳቡ ነው፣ ማስከበሪያው ከሱ በላይ 28 ቀን መጨመር አለበት ይላል። ባንክ ሄደን በ90 አሠርተን ብናስገባ ኤንቨሎፑ ሲከፈት ነበር የምንወድቀው። ገጽ ቁጥሩን መጥቀሱ ነው ያዳነኝ፣ እና እንድታደርጉ የምለምናችሁ ይሄንን ነው፣ ማጠቃለያ ስትጠይቁ ከየትኛው ገጽ እንዳመጣው ጻፍ በሉት፣ ከዛ ገንዘብና ቀን ያለበትን ገጽ ሄዳችሁ አንብቡ። ስካን የተደረጉ ገጾችንም ዘሎ ነበር፣ ዘልያለሁ ብሎ ግን አልነገረኝም።

የሚከፈልበትን እንዳልወደው ያደረገኝ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ጥቅሙ ፋይላችሁ ውስጥ መግባቱ ነው አልኩ አይደል፣ ለመግባት ደሞ ፋይሉ ክላውድ ላይ (ኢንተርኔት ላይ ያለ ማስቀመጫ ነው) እንዲቀመጥ ይፈልጋል፣ ኢንተርኔትም ሁሌ። የኛ ቢሮ ፋይል ግን የሚኖረው ፍላሽ ላይና ቴሌግራም ላይ ነው። ስቶር ያለችው እትዬ የቀኑን ወጪ በእጇ ጽፋ ፎቶ ትልክልኛለች፣ ጋሼ ኮፒውን በፍላሽ ይወስዳሉ፣ እኔ ማታ ኮዬ ፈጬ ቤቴ ስገባ በስልኬ ዳታ ላፕቶፑን አገናኝቼ እጨርሳለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ያለፈው ፋይሎችን ወደ ክላውድ በመጫን ብቻ ነው፣ ኔትወርኩ በወረደ ቁጥር ሁለት ሁለት ቅጂ እየፈጠረ "የቱን ልያዝ" ይለኛል። ያ ቀን ደሞ መብራት የለም። የከፈልኩበት ረዳት ኔት በሌለ ቀን ዝም ብሎ የተቀመጠ አዶ ነው። ቢሯችሁ ቀድሞውኑ ጉግል ድራይቭ ወይም ዋንድራይቭ ላይ የሚሠራ ከሆነ የኔ ቅሬታ እናንተን አይመለከትም፣ ያኔ ምናልባት መክፈሉ ያዋጣችኋል።

ሌላ ነፃ መንገድም ሞክሬ ነበር። ሊብሬኦፊስ (እንደ ዎርድና ኤክሴል ያለ ፕሮግራም ነው) በነፃ ነው፣ ሕጋዊ ነው፣ ሜኑው በአማርኛም አለ፣ ግን የራሱ ኤአይ የለውም። እሱን በሚመስለው ኦንሊኦፊስ ላይ ደሞ ተጨማሪ ነገር ጭናችሁ እዛው ኮምፒውተራችሁ ላይ ከሚሠራ ኤአይ ጋር ማገናኘት ይቻላል፣ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፔ ላይ ጫነልኝ፣ እንግሊዝኛውን እየተንፏቀቀም ቢሆን ጻፈ፣ አማርኛው ግን ቃል የሚመስል ቃል ያልሆነ ነገር ነው፣ በማግስቱ አጠፋሁት።

የሠራተኛ መረጃን በተመለከተ፣ ስምና ቲን ቁጥር ያለበትን ሺት ለየትኛውም አልሰጠሁም፣ ሠ01፣ ሠ02 እያልኩ ቀይሬ ነው። ከ2016 ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለ፣ 1321/2016፣ የሰው ደሞዝና የባንክ ሂሳብ ያለፈቃዱ የትም መበተን ቀልድ አይደለም። የነፃዎቹ ብዙዎቹ የጻፋችሁትን ለስልጠና እንዳይጠቀሙበት ሴቲንግ ውስጥ የሚጠፋ ነገር አላቸው፣ እሱን ሳታጠፉ አትጀምሩ።

ታህሳስ 1 ቀን ለጋሼ በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠኋቸው። በነፃው እንቀጥል፣ ጨረታ ባለበት ወር ብቻ የአንድ ወር እንግዛ፣ የዓመት አንግዛ፣ አውቶማቲክ መታደሱን በገዛንበት ቀን እናጥፋ (እህቴ ረስታው ሁለተኛ ወር ሊቆረጥባት አንድ ቀን ሲቀረው ነው የደወልኩላት)። መነጽራቸውን አውልቀው "ታዲያ ያ ለቅሶ ቤት የነገረኝ ሰውዬ በደቂቃ ሲል ምን ማለቱ ነው?" አሉ። እሱ ሲጽፍለት አይቶ ይሆናል፣ ሲያርም አላየም አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ሰኔ ላይ ሂሳብ ስንዘጋ አንድ ወር ግዢ፣ እስከዛ ለስቶሯ ኮምፒውተር ባትሪ ያለው ነገር እንፈልግላት" ብለው ወጡ። ያው ዩፒኤስ ማለታቸው ነው፣ ዋጋ እያጠያየቅኩ ነው።